በቀን አንድ ጀሪካን፦ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ራሳችሁ ጠግኑት

በአማርኛ «ጠብ የሚል ነገር የለም» ስንል ትርፍ የለም፣ ጥቅም የለም ማለታችን ነው። ቧንቧ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጠብ የሚለው ሁሉ ኪሳራ ነው። ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ቶሎ እንለምደዋለን። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል፤ በሳምንቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይሆናል፤ በወሩ ጭራሽ አይሰማም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ትንሽ ነገር፣ ስለ መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ነው። «ይሄ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?» እንዳትሉ። የምጽፈው ከከሚሴ ሆኜ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ ስትጓዙ፣ ኮምቦልቻ ከመድረሳችሁ በፊት ሜዳው ሲዘረጋ፣ ሙቀቱ ሲጨምር፣ ጨፋ ሸለቆ ገባችሁ ማለት ነው። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ በዚሁ ሸለቆ አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በጋው ሲበረታ ከአፋር በኩል ጭምር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ረግረግ የሚመጡት ለውሃውና ለሣሩ ብለው ነው። ውሃ ሰውን ምን ያህል ርቀት እንደሚያስኬድ እዚህ ለማንም አይነገርም።

ወንዝ አጠገብ መኖርና ቧንቧ ውስጥ ውሃ ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። የቧንቧ ውሃ ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ተስቦ፣ ተጠራቅሞ፣ በመስመር ተገፍቶ ነው ቤታችን የሚደርሰው። በእኛ ግቢም እንደ ብዙ የአገራችን ከተሞች ውሃ ሁልጊዜ የለም። ሲመጣ ሮቶው፣ በርሜሉ፣ ጀሪካኑ ይሞላል፤ ሲጠፋ በቁጠባ ይኖራል። እንዲህ ተሻምተን ያጠራቀምነው ውሃ ነው ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል የሚያድረው።

ስልካችሁን አውጡና ለኩት

ወሬ ከማብዛት መለካት ይሻላል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ የውሃ ላስቲክ ከሚንጠባጠበው ቧንቧ ሥር አስቀምጡ። የስልካችሁን ሰዓት መቁጠሪያ አስጀምሩ። ላስቲኩ ሲሞላ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እዩ። ከዚያ 720ን በዚያ ደቂቃ አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር በ24 ሰዓት የሚፈሰው ውሃ በሊትር ነው።

የእኛ ግቢ ቧንቧ በ35 ደቂቃ ሞላው። 720 ሲካፈል ለ35፣ ሃያ ሊትር ተኩል ገደማ። ያቺ ቢጫ ጀሪካን በትክክል! ማንም የማይጠጣው፣ ማንም የማይታጠብበት አንድ ጀሪካን ውሃ በየቀኑ ወደ ፍሳሽ ይሄድ ነበር።

በቆጠራም ብታስቡት ከዚህ አይርቅም። ከቧንቧ አፍ የሚወርድ ጠብታ በግምት 4000 ያህሉ አንድ ሊትር ይሆናል። በሰከንድ አንድ ጠብታ ማለት በቀን 86,400 ጠብታ ነው፤ ይህም 21 ሊትር ተኩል ገደማ። በዓመት 7,800 ሊትር ያልፋል። ወደ ጀሪካን ስትቀይሩት 390 ጀሪካን መሆኑ ነው።

«ታዲያ የውሃ ሒሳቡ ለምን አልጨመረም?» የሚል አይጠፋም። እኔም ጎረቤቶቼን ሳወራ መጀመሪያ ያነሱት ይህንኑ ነው። መልሱ ቆጣሪው ላይ ነው። በየግቢያችን ያሉት ቆጣሪዎች ውስጣቸው ያለውን ጥርስ ለማሽከርከር የተወሰነ ግፊት ያለው ፍሰት ይፈልጋሉ። ጠብታ እያደረገ የሚሄድ ውሃ አንዳንዴ ቆጣሪውን ሳያንቀሳቅስ ያልፋል፤ ቢያንቀሳቅስም አሳንሶ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ዝም ቢልም ውሃው ሄዷል። ከከተማው ማጠራቀሚያ ወጥቷል፤ ኮረብታው ላይ ግፊት አጥቶ ለሚጠብቀው ሰፈር ሳይደርስ ቀርቷል። ውሃው በሮቶ በኩል የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የሚጎድለው ከራሳችሁ ቋት ነው።

በእኛ ግቢ አምስት ተከራይ አለ። መታጠቢያ ቤቱ የጋራ፣ ቆጣሪውም አንድ ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት የኖረ ሰው ክርክሩን ያውቀዋል። አከራዩ «የምትጠቀሙበት እናንተ ናችሁ» ይላሉ፤ ተከራዩ «ቤቱ የእርሳቸው» ይላል፤ ቧንቧው በመሐል ይንጠባጠባል። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይሆንም። ነገሩን የቆረጠው ዋጋው ነው። ውስጡ የሚቀየረው ጎማ ከአንድ ስኒ ሻይ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ለዚህ ሽማግሌ አይቀመጥም።

ለምን ይንጠባጠባል?

በአገራችን ቤቶች በብዛት የምታገኟቸው ቧንቧዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ለመለየት እጀታውን አዙሩት።

ሙሉ ለሙሉ ለመክፈት ሁለት ሦስት ዙር የሚፈልግ ከሆነ፣ ውስጡ ጎማ ያለው አሮጌው ዓይነት ነው። ይህ አሠራር እንግሊዝ አገር ሮዘራም ከተማ ውስጥ ከተሠራ 180 ዓመት ገደማ ሆኖታል። አጼ ምኒልክ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ውሃ በቧንቧ ሲያስመጡ ጎማው ዕድሜ ጠገብ ነበር። እስከ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም፤ አንዴ የተማራችሁት ጥገና በየሄዳችሁበት የሚሠራው ለዚህ ነው። እጀታው ሲዞር አንድ ዘንግ ወደ ታች ይወርዳል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ጎማ አለች። ጎማዋ ቀዳዳው አፍ ላይ ስትቀመጥ ውሃው ይቆማል።

ጎማዋ ስትደርቅ፣ ስትሰነጠቅ ወይም መሐሏ ሲጎደጉድ ውሃው በጠርዟ ይሾልካል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ውስጥ ደግሞ ቶሎ ታረጃለች። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ጎማው ይደርቃል፤ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው አየርና ደለል ነው፤ አሸዋው ጎማውን ይፍቀዋል። ማንቆርቆሪያችሁ ሥር ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ከሆነ፣ ያው ቅርፊት ቧንቧውም ውስጥ አለ።

እጀታው በሩብ ዙር ብቻ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ዓይነት ነው። ውስጡ ጎማ ሳይሆን ሁለት የሴራሚክ ሰሌዳዎች ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተተ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይኼኛው ሲበላሽ የውስጡ ዕቃ እንዳለ ወጥቶ ይቀየራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሁላችንም ቤት የሚደረገው «ጠበቅ አድርገህ ዝጋው!» ማለት ነው። ይህ ለሁለት ቀን ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ያለቀ ጎማ በኃይል ሲጫን ይበልጥ ይቀደዳል። ከዚያ አልፎ ብረቱ ከብረት ሲፋጭ ጎማው የሚያርፍበት መቀመጫ ይጫራል። የጎማ ሥራ የነበረው ሙሉ ቧንቧ መቀየር ይሆናል።

ሥራው፣ ከሀ እስከ ፐ

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ጥቂት ነው። ካቻቪቴ፣ ሰፋ ጠበብ የሚል የብሎን ቁልፍ ወይም ፒንሳ፣ ጨርቅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ስልክ። ቃላቱን ልብ አላችሁ? ካቻቪቴም ፒንሳም ጣልያንኛ ናቸው። ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ጎማውንም «ጓርኒሲዮን» ሊላችሁ ይችላል። በከሚሴ መሐል የሚያልፈውን የደሴ መንገድ በወረራው ዘመን ሲሠሩ የመጡት ጣልያኖች ሄዱ፤ የመሣሪያው ስም ቀረ።

አንደኛ፣ ውሃውን ዝጉ። መዝጊያው ከእጅ መታጠቢያው ሥር፣ ቆጣሪው አጠገብ ወይም ሮቶው መውጫ ላይ ይገኛል። ሮቶ ካላችሁ ሁለቱንም ዝጉ። «ዛሬ ውሃ ስለሌለ መዝጋት አያስፈልግም» ብሎ መጀመር አይሆንም፤ ቧንቧው ተፈትቶ ሳለ ውሃው ቢመጣ ቤቱ ይጥለቀለቃል። ጎረቤት ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሻምፖ ራሱ ላይ አድርጎ ውሃ የተዘጋበት ሰው አይመርቃችሁም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተያያዘበት ቧንቧ ከሆነ ቆጣሪው ላይ ኤሌክትሪኩን አጥፉ።

ሁለተኛ፣ ቧንቧውን ክፈቱና የቀረው ውሃ ይውረድ። ከዚያ የፍሳሹን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ። ትንሿ ብሎን አንዴ ከገባች አትወጣም።

ሦስተኛ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። አንድ ነገር በፈታችሁ ቁጥር አንድ ፎቶ። የፈታችሁትን በፎጣ ላይ በቅደም ተከተል ደርድሩ። ስትገጥሙ ፎቶዎቹን ከኋላ ወደ ፊት ማየት ብቻ ነው። ከማንኛውም ቪዲዮ የሚበልጠው የራሳችሁ ቧንቧ ፎቶ ነው።

አራተኛ፣ እጀታው አናት ላይ ያለችውን ክዳን፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ምልክት ያላትን፣ በቢላ ጫፍ አንሱ። ከሥሯ ብሎን አለ። ፍቱትና እጀታውን ወደ ላይ ሳቡት። ከተጣበቀ በመዶሻ አትምቱት። ሙቅ ውሃ ወይም አቼቶ የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት፤ ቅርፊቱ ይለቃል።

አምስተኛ፣ አሁን የሚታየውን ዳዶ ጨርቅ አልብሳችሁ በቁልፍ ወደ ግራ ፍቱት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! አንድ እጃችሁ ዳዶውን ሲያዞር ሌላው የቧንቧውን አካል አጥብቆ ይያዝ። አካሉ አብሮ ከዞረ ግድግዳ ውስጥ ያለው መስመር ሊጠመዘዝና ሊሰበር ይችላል። ያኔ ሥራው የግንበኛም ይሆናል። ቧንቧው ፕላስቲክ ወይም ቀላል ብረት ከሆነ ደግሞ ኃይል አታብዙ።

ስድስተኛ፣ ዘንጉ ሲወጣ ጫፉ ላይ ጎማዋን ታያላችሁ። የእኛዋ መሐሏ እንደ ቀለበት ተቦርቡራ ነበር። ነቅላችሁ፣ ቦታውን በጥርስ ብሩሽ አጽዱ። ከዚያ በስልካችሁ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። ጎማው የሚያርፍበትን መቀመጫ በጣት ዳብሱት። ለስላሳ ከሆነ መልካም። ሸካራ ወይም የተጫረ ከሆነ አዲሱንም ጎማ በጥቂት ሳምንት ይበላዋል፤ እሱን የሚያስተካክል መሣሪያ ያለው ባለሙያ ነው።

ሰባተኛ፣ አሮጌውን ጎማ ይዛችሁ ወደ ሳኒተሪ ዕቃ መሸጫ ሂዱ። እዚህ ከሚሴ የገዛሁበት ሱቅ ያለው ልጅ «በወሬ ጎማ አይሸጥም ወንድሜ፣ ናሙናውን አምጣ» ነው ያለኝ። እውነቱን ነው። ብዙው ቧንቧ ግማሽ ኢንች ቢሆንም የጎማው ስፋትና ውፍረት ይለያያል። ሱቁ ሩቅ ከሆነ ጎማዋን ማስመሪያ አጠገብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና በቴሌግራም ላኩ። ስትገዙ ሁለት ግዙ፤ አንዷ መሳቢያ ውስጥ ትቀመጥ። የሴራሚክ ዓይነት ከሆነም የውስጡን ዕቃ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ርዝመቱና ጥርሱ ካልገጠመ አይሠራም።

ስምንተኛ፣ አዲሷን ጎማ ግጠሙ። ዘንጉን ስትመልሱ ከፈት ያለ ይሁን፤ እንደተዘጋ ከታሰረ ጎማው ከመጀመሪያው ቀን ይጎዳል። ዳዶውን አጥብቁ፣ እጀታውን መልሱ። ቧንቧውን ከፍታችሁ ዋናውን መዝጊያ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። አየሩና ደለሉ ይውጣ። ከዚያ በሁለት ጣት ዝጉት። በሁለት ጣት ካልተዘጋ የሆነ ቦታ ልክ አይደለም።

ቴፍሎንስ? ብዙ ሰው ቧንቧ ሲባል መጀመሪያ የሚገዛው ነጩን ቴፍሎን ነው። ቴፍሎን ጥርስ ለጥርስ በሚገጥምበት፣ ማለትም ቧንቧው ከግድግዳው መስመር ጋር በሚታሰርበት ቦታ ነው ሥራው። ከቧንቧው አፍ የሚንጠባጠብን ውሃ አያቆምም። እንዲሁ ውሃው ከአፉ ሳይሆን ከእጀታው ሥር የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ የጎማዋ ሳይሆን ዘንጉን የምታቅፈው ቀጭን ቀለበት ነው። እሷም በናሙና ትገዛለች።

ቲክቶክ ላይ በ30 ሰከንድ ቧንቧ የሚጠግን ሰው አይታችሁ ይሆናል። ብዙዎቹ ውሃ የተዘጋበትን ክፍል ቆርጠው አውጥተውታል፤ ቧንቧውም ከእኛው ሊለይ ይችላል። ማየቱ አይከፋም። ግን አስቀድማችሁ ዓይነቱን ለዩ፣ ቪዲዮውንም ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት። እጃችሁ እርጥብ ሆኖ፣ ውሃው ተዘግቶ፣ ኔትወርክ መጠበቅ ደስ አይልም።

ባለሙያ መጥራት ያለባችሁ መቼ ነው? ውሃው ከግድግዳ ውስጥ ከመጣ፣ ዋናው መዝጊያ አልዘጋ ካለ፣ የቧንቧው አካል ከተሰነጠቀ፣ መቀመጫው ከተጎዳ። እዚያ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም። የቧንቧ ሠራተኛ ስትጠሩ ግን አሁን ችግሩን በስሙ መናገር ትችላላችሁ፤ ሳያስፈልግ «ሙሉ ቧንቧው ይቀየር» ብትባሉም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሥራው ከሱቅ መልስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ጎረቤታችን ሐጂ መጥተው ቧንቧውን ከፍተው ዘጉትና ጆሯቸውን አዘነበሉ። እርሳቸው ውዱእ የሚያደርጉት በአንዲት ማንቆርቆሪያ ነው፤ ከእግራቸው የሚወርደውን ሳይቀር ወደ አትክልቱ ያስኬዱታል። «አብሽር ልጄ፣ ሰግደን ስንመለስ እናየዋለን» አሉኝ። ከመስጊድ ሲመለሱ ቧንቧው ሥር ያስቀመጥነው ሶፍት ደረቅ ነበር።

አንድ ጀሪካን ስንት ሰው ነው?

ሃያ ሊትር ትንሽ ይመስል ይሆናል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም፣ ለአንድ የገጠር ነዋሪ እንዲደርሰው የታቀደው በቀን 25 ሊትር ነበር፤ ያውም እስከ 1 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚቀዳ። በአደጋ ጊዜ ለተፈናቀሉ ሰዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የስፊር መመዘኛ ደግሞ በትንሹ በቀን 15 ሊትር ይላል፤ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና በአንድ ላይ። አንድ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በዚህ ልክ የአንድ ሰው ድርሻ ነው። ሰውዬው የለም እንጂ ውሃው ተከፍሎለታል።

ክብደቱንም አስቡት። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። ቤታቸው ቧንቧ ያልገባላቸው ልጆች ጠዋት ከትምህርት በፊት ከቦኖ የሚሸከሙት ይህንኑ ነው። በጀርባቸው ያለው ጀሪካንና በእኛ ፍሳሽ የሚሄደው ጀሪካን መጠናቸው አንድ ነው። ልዩነቱ የእኛን ማንም አለመሸከሙ ነው።

ጎማውን እስክትገዙ ድረስ ከቧንቧው ሥር ባልዲ አስቀምጡ፤ ለልብስም ለሽንት ቤትም ይሆናል። ባልዲውን ግን ክደኑት፤ ቆላ አገር ውስጥ ክፍት ውሃ የወባ ትንኝ መጋበዝ ነው። ትልልቅ ከተሞችም አይዝናኑ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው፣ በ2016 እ.ኤ.አ ቀብሪ ደሃር ላይ መገኘቱ የታወቀው የወባ ትንኝ፣ የሚመርጠው ረግረግ ሳይሆን በየቤቱ የተጠራቀመን ውሃ ነው።

ዛሬ ማታ ሁሉም ሲተኛ ወደ መታጠቢያ ቤት ግቡና አዳምጡ። ሌሊት ሰው ስለማይቀዳ የመስመሩ ግፊት ይጨምራል፤ ቀን የተደበቀ ጠብታ ሌሊት ይሰማል። ከተሰማችሁ ላስቲኩን አስቀምጡ፣ ሰዓቱን አስጀምሩ፣ 720ን አካፍሉ። የወጣውን ቁጥር ለቤቱ ሰው ሁሉ ንገሩ። ነገ ጎማዋን ግዙ።